የባሕር ኃይል ዘማች የነበሩ የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰርን የሕይወት ታሪክ እንዴት ማጠናቀር ይቻላል

ለቀብር የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ አንዱ ዘመድ ጥግ ይዞ ይቀመጥና «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል አገልግለው፣ ከዚያ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው፣ ለረጅም ዓመታት በፕሮፌሰርነት አስተምረዋል» ብሎ ይጽፋል። ዐረፍተ ነገሩ ውሸት የለበትም። ግን በየትኛው መርከብ? በምን ሥራ? ስንት ወር? ከስንብታቸው እስከ መጀመሪያው የማስተማር ሥራቸው ያሉት አምስት ስድስት ዓመታት የት ገቡ? ይህ ሁሉ ሳይመለስ አፈር ይለብሳል።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ተወልደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ዩኒፎርም ለብሰው፣ በኋላ ኬሚካል ምህንድስና ያስተማሩ ሰዎችን ታሪክ ለሚያጠናቅር ነው፦ በእነሱ ሥር ለተማረ፣ በጋብቻ ለተዛመደ፣ ወይም የመታሰቢያ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ ለተመረጠ። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ዋናው ችግር የእነዚህ ሰዎች ሕይወት በማይተዋወቁ ሁለት መጋዘኖች ውስጥ መቀመጡ ነው። መርከባቸው በመንግሥት መዝገብ ቤት አለ፤ ምርምራቸው በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ፣ ማለትም ከ1945 እስከ 1952 ገደማ ያለው ጊዜ፣ በሁለቱም ቦታ የለም። ጊዜያችሁን በብዛት ማዋል ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰንጠረዡ

ከመጻፋችሁ በፊት አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ ከመቼ እስከ መቼ፣ የት፣ ምን ሲሠሩ፣ በምን ማስረጃ። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ፍጻሜ እስከ መጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ያለውን በወር ከፋፍሉት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በዓመት መያዝ ይበቃል። በማስረጃው ዓምድ ሦስት ዓይነት ምልክት ተጠቀሙ፦ በዘመኑ የተጻፈ ሰነድ፣ በኋላ የተጻፈ ሰነድ፣ በአፍ የተነገረ። ባዶ የቀረውን ረድፍ በግምት አትሙሉት። ባዶው ረድፍ ቀጥሎ ምን መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ቀኖችን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መመለስ የምትፈልጉ ከሆነ ቀንና ወር ሳይኖር አትመልሱ። ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ልዩነቱ 8 ዓመት ነው፣ ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ደግሞ 7። ጃፓን የእጅ መስጫውን ሰነድ የፈረመችው ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945፣ በእኛ ነሐሴ 27 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ከአሥር ቀን በኋላ ቢሆን ኖሮ 1938 ይሆን ነበር። «በ1945 ተሰናበቱ» የሚል ብቻ ከሆነ ያላችሁ እንዳለ ተዉት።

የባሕር ኃይሉ ፋይል

የአገልግሎት ፋይሉ የሚገኘው ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው። «የባሕር ኃይሉ ፋይል በእሳት ወድሟል» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። በጁላይ 12 ቀን 1973 በማዕከሉ ላይ የደረሰው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ፋይል አውድሟል፤ ነገር ግን የተቃጠለው የምድር ጦርና የአየር ኃይል ፋይል ነው። የባሕር ኃይሉ አልተነካም። ስለዚህ ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት።

ጥያቄው የሚቀርበው ኤስኤፍ-180 በሚባለው ቅጽ ወይም በማዕከሉ ድረ ገጽ በኩል ነው። ቅጹ ላይ ሙሉ ስም (የመካከለኛው ስም ጭምር)፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ የአገልግሎት ቁጥርና ያገለገሉበት ዘመን ይሞላል። የአገልግሎት ቁጥሩን ከማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ጋር እንዳታምታቱ፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር መጠቀም የጀመረው በ1972 ስለሆነ፣ የጦርነቱ ዘመን ሰው የራሱ የተለየ ቁጥር ነበረው። ቁጥሩን ካላወቃችሁ ባዶ ተዉት፤ ስምና የትውልድ ቀን ትክክል ከሆኑ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ከስንብት በኋላ 62 ዓመት ያለፈው ፋይል ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ የጦርነቱ ዘማቾች ፋይል ሁሉ ይህን ዕድሜ አልፏል። ይኸውም የቅርብ ዘመድ ፊርማ አያስፈልጋችሁም ማለት ነው። ክፍያ ግን አለው፦ እስከ 5 ገጽ ያለው 25 ዶላር፣ ከዚያ በላይ ያለው 70 ዶላር ሲሆን ብዙው ፋይል ከ5 ገጽ ይበልጣል። ክፍያው ሊለወጥ ስለሚችል ከመላካችሁ በፊት ድረ ገጹን ተመልከቱ። ባለታሪኩ በኋላ በተጠባባቂ ጦር ቆይተው ዘግይተው የተሰናበቱ ከሆነ ግን የ62 ዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ካልሞላ የሚስት፣ የልጅ፣ የወላጅ ወይም የወንድምና እህት ጥያቄ ያስፈልጋል። ምላሹ ወራት ሊወስድ ይችላል። ባለታሪኩ በሕይወት ሳሉ ወይም ለሙት ዓመት መታሰቢያ በጊዜ ብትጀምሩ ይሻላል፤ ለሠልስት አይደርስም።

ፋይሉ እስኪመጣ ቤት ውስጥ ፈልጉ። የጦርነቱ ዘመን የባሕር ኃይል ስንብት ወረቀት ናቭፐርስ-553 የሚል ቁጥር ከጥጉ አለው። ዲዲ-214 የሚባለውን ፈልጋችሁ ብታጡት አትደንግጡ፤ እሱ ሥራ ላይ የዋለው ከ1950 ጀምሮ ነው። በ553ቱ ላይ ያገለገሉባቸው መርከቦችና የጦር ሰፈሮች፣ የተከታተሉት የውትድርና ትምህርትና የተሰጣቸው ሪባን (ደረት ላይ የሚደረግ የክብር ምልክት ጨርቅ) ተዘርዝሯል። አንዳንዱ ቤተሰብ ይህን ወረቀት በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለሃምሳ ዓመት አላነበበውም። አውርዳችሁ ጀርባውንም አንብቡ።

መኮንን ነበሩ ወይስ ባለ ሌላ ማዕረግ?

ይህን ሳትለዩ ወደ መርከብ መዝገብ ከሄዳችሁ ትስታላችሁ። በየሩብ ዓመቱ የሚዘጋጀው የመርከበኞች ስም ዝርዝር፣ መስተር ሮል የሚባለው፣ የባለ ሌላ ማዕረጎችን፣ ማለትም ከመኮንን በታች ያሉትን፣ ስም ብቻ ይይዛል። መኮንኖች የሉበትም። ብዙ ሰው የባለታሪኩን ስም እዚያ ፈልጎ ሲያጣ «በዚህ መርከብ አልነበሩም» ብሎ ይደመድማል፤ ሰውየው ግን መኮንን ነበሩ። የመኮንኖችን ስም የምታገኙት በመርከቡ የውሎ መዝገብ (ዴክ ሎግ) ውስጥ በየወሩ ከሚያያዘው ዝርዝር፣ እንዲሁም ባሕር ኃይሉ ከሚያሳትመው የመኮንኖች መዝገብ ነው።

በኋላ ፕሮፌሰር የሆኑት ሰዎች ወደ ባሕር ኃይል የገቡበት በር አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። የመጀመሪያው ቪ-12 የሚባለው የኮሌጅ ፕሮግራም ነው፤ ከጁላይ 1943 እስከ ጁን 1946 በ131 ኮሌጆች ሲካሄድ ከ125,000 በላይ ወጣቶች ገብተውበታል። ተማሪው ዩኒፎርም ለብሶ፣ በወር 50 ዶላር እየተከፈለው፣ በዓመት ሦስት ባለ 16 ሳምንት ተርም ይማራል። ስለዚህ «የመጀመሪያ ዲግሪውን በሁለት ዓመት ከስምንት ወር ጨረሰ» የሚል ብታገኙ የጽሕፈት ስህተት አይደለም፤ ስምንት ተርም በዓመት ሦስት ሲካፈል እንዲያ ነው የሚመጣው። ብዙ ቪ-12 ተማሪዎች ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላ ተዛውረዋልና የትምህርት ማስረጃቸውን በሁለት ቦታ ጠይቁ። ሁለተኛው በር ከኮሌጅ ተመርቆ በአጭር ሥልጠና መኮንን መሆን ነው። ሦስተኛው የኤዲ ፈተና ነው፦ በካፒቴን ዊልያም ኤዲ ስም የተጠራ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የሬዲዮ ፈተና ሲሆን ያለፈው ወጣት ለወራት ራዳርና ሬዲዮ ጥገና እንዲማር ይላክ ነበር። በማስታወሻቸው ውስጥ «ኤዲ» የሚል ቃል ካያችሁ የሰው ስም ነው ብላችሁ አትለፉት።

በቪ-12 የገባ ሰው ጦርነቱ እስኪያልቅ ክፍል ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን መጻፍ ሰውየውን አያሳንስም፤ በሌሉበት ጦርነት ውስጥ ማስገባት ግን ያሳንሳቸዋል።

መርከቡን በቁጥሩ ያዙት

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰመጠን መርከብ ስም ለአዲስ መርከብ ይሰጣል። ሌክሲንግተን የሚባለው አውሮፕላን ተሸካሚ (ሲቪ-2) በሜይ 8 ቀን 1942 በኮራል ባሕር ውጊያ ሰመጠ፤ በፌብሩዋሪ 1943 ሌላ ሌክሲንግተን (ሲቪ-16) አገልግሎት ጀመረ። ዮርክታውንም እንዲሁ፤ ሲቪ-5 በጁን 1942 ከሚድዌይ ውጊያ በኋላ ሰመጠ፣ ሲቪ-10 በኤፕሪል 1943 ገባ። ስሙን ብቻ ይዛችሁ ከተነሳችሁ በ1944 የተመደቡትን ሰው በ1942 ከሰመጠ መርከብ ላይ ታስቀምጧቸዋላችሁ። በሰንጠረዡ ላይ ሁልጊዜ ስምና ቁጥር አብራችሁ ጻፉ።

የመርከቡን አጭር ታሪክ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክና የቅርስ መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦታል። የጦርነቱ ዘመን ዴክ ሎግና የውጊያ ማስታወሻዎች በብሔራዊ መዝገብ ቤት (ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ) ይገኛሉ፤ ብዙው የውጊያ ማስታወሻ በኢንተርኔት ካታሎጉ ላይ ተነስቶ ተለጥፏል። ዴክ ሎጉ በአራት አራት ሰዓት ዘብ የተከፈለ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ያለው ዘብ ብቻ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሰዓቱ በ24 አቆጣጠር ስለሚጻፍ 1600 ማለት በእኛ ቀን 10 ሰዓት ነው። አብዛኛው መስመር አቅጣጫ፣ ፍጥነትና የቦይለር ቁጥር ስለሆነ ይሰለቻል። የምትፈልጉት ግን በመካከሉ ተሸጉጧል፦ ማን ሪፖርት አደረገ፣ ማን ተዛወረ፣ መርከቡ የት መልሕቅ ጣለ።

ለእኛ አንባቢ የሚቀርብ አንድ ምሳሌ ይኸውና። ኦርካ (ኤቪፒ-49) የምትባለው የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ መርከብ በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ጀምራ በፊሊፒንስ ዘመቻ ተሳትፋለች። በጃንዋሪ 1962 አሜሪካ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ሰጠቻት፤ «ኢትዮጵያ» ተብላ፣ ምጽዋን ቤቷ አድርጋ፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ሆነች። በ1991 ወደ የመን ሸሽታ እዚያው በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በኦርካ ላይ ያገለገሉ አሜሪካዊ ታሪክ የምትጽፉ ከሆነ፣ ይህ በአማርኛ ታሪካቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ባለታሪኩ በሌላ መርከብ ቢሆኑም የመርከቡን ፍጻሜ ፈልጉ፤ አንዳንዱ መርከብ ከጦርነቱ በኋላ ለሌላ አገር ተሰጥቶ በሌላ ስም ለአሥርት ዓመታት ሠርቷልና ፎቶግራፉ በአዲሱ ስም ሊገኝ ይችላል።

ቤት ውስጥ ከተገኙት ዕቃዎች ሁለቱ ከሁሉ ይጠቅማሉ። አንዱ መርከቦች ከጦርነቱ በኋላ ለሠራተኞቻቸው ያሳተሙት የፎቶ መጽሐፍ ነው። ሌላው የምድር ወገብን ለተሻገሩ የሚሰጠው «የኔፕቱን» የምስክር ወረቀት ነው፤ ለጨዋታ የተሠራ ቢመስልም የመርከቡ ስምና ቀኑ ይጻፍበታል፣ ስለዚህ በዚያ ቀን በዚያ መርከብ ላይ እንደነበሩ ያረጋግጥላችኋል።

ኮከቡ ሜዳሊያ አይደለም

በዚህ ዓይነት የሕይወት ታሪክ ውስጥ በብዛት የሚፈጸመው ስህተት ይህ ነው። በኤስያ-ፓስፊክ ዘመቻ ሪባን ላይ ትንንሽ ኮከቦች ይሰካሉ። አንዲት የነሐስ ኮከብ አንድ ውጊያ ወይም ዘመቻ ማለት ናት፤ አንዲት የብር ኮከብ ደግሞ አምስት የነሐሶቹን ትተካለች። ከእነዚህ ፈጽሞ የተለዩ «ብሮንዝ ስታር» እና «ሲልቨር ስታር» የሚባሉ ሜዳሊያዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በጀግንነት ወይም በላቀ አገልግሎት፣ ሁለተኛው በውጊያ ላይ በታየ ጀግንነት የሚሰጡ ናቸው። ስንብት ወረቀቱ ላይ «ኤስያ-ፓስፊክ፣ 3 ኮከብ» የሚለውን አይቶ «ሦስት ጊዜ የነሐስ ኮከብ ጀግና ሜዳሊያ ተሸልመዋል» ብሎ መጻፍ፣ ሳይታሰብ ሐሰት መናገር ነው። ሜዳሊያ ከሆነ የምስክር ጽሑፍ አብሮት ይኖራል፤ ጽሑፉ ከሌለ «በሦስት ዘመቻዎች የተሳተፈ መርከብ ላይ አገልግለዋል» በሉ።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የድል ሜዳሊያም ያሳስታል። ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1946 ባለው ጊዜ ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ይገባዋል፤ ውጊያው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ የተመለመለውም ጭምር።

ማዕረግ ሲተረጎም

የባሕር ኃይል «ሌተናንት» በምድር ጦር መቶ አለቃ አይደለም፤ እኩያው ሻምበል ነው። «ኤንሳይን» ከምክትል መቶ አለቃ፣ «ሌተናንት ጁኒየር ግሬድ» ከመቶ አለቃ፣ «ሌተናንት ኮማንደር» ከሻለቃ፣ «ኮማንደር» ከሌተና ኮሎኔል ይስተካከላሉ። የባሕር ኃይል «ካፒቴን» ደግሞ ኮሎኔል ነው፤ ሻምበል ብላችሁ ከተረጎማችሁት ሦስት ማዕረግ ታወርዳላችሁ። ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ መርከብን የሚያዝ ሰው ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን በመርከቡ ላይ «ካፒቴን» ተብሎ ይጠራል። የእኛም ባሕር ኃይል ኮማንደርና ኮሞዶር እያለ በእነዚሁ ስሞች ይጠቀም ስለነበር፣ ስሙን እንዳለ አስቀምጦ እኩያውን አንድ ጊዜ ማስረዳት ይሻላል እንላለን።

የጠፉት ዓመታት

ስንብቱ በ1946 ነው፣ የመጀመሪያው ቅጥር በ1952። በመካከሉ ምን ነበር? ይህን ክፍተት የሚሞሉት አራት ሰነዶች ናቸው።

የ1950 የሕዝብ ቆጠራ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በነፃ ክፍት ነው። ሰውየው በኤፕሪል 1950 የት እንደኖሩ፣ ከማን ጋር፣ ሥራቸው ምን እንደነበር ይናገራል። አንዳንዶቹ የባለቤታቸውን ቤተሰብ ቤት ተጋርተው ሲኖሩ ይገኛሉ።

ሁለተኛው የዶክትሬት ጽሑፋቸው ነው። ሰዎች ርዕሱን ቀድተው ይተዉታል፤ እናንተ ግን የምስጋናውን ገጽና የመጨረሻውን ገጽ ጠይቁ። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ደራሲው ስለ ራሱ የሚጽፈው አጭር የሕይወት መግለጫ ነበር፦ የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ በውትድርና ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ፋብሪካ ሠራ። ሰውየው በሃያዎቹ ዕድሜያቸው በራሳቸው እጅ የጻፉት ስለሆነ፣ በሰማንያ ዓመታቸው ከተናገሩት ይልቅ በቀን ጉዳይ እሱን እመኑ። ምስጋናው ላይ ደግሞ ምርምሩን በገንዘብ የደገፈው ማን እንደሆነ ይገኛል።

ሦስተኛው «አሜሪካን ሜን ኦቭ ሳይንስ» የተባለው የሳይንቲስቶች መዝገብ ነው፤ ከ1971 ጀምሮ ሴቶችን በስሙ ጨምሯል። እያንዳንዱ ሰው በጥቂት መስመር፣ በምህጻረ ቃል የታጨቀ ነው። ሥራን በየዓመቱ ስለሚዘረዝር ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ የኩባንያ ሥራ እዚህ ይወጣል።

አራተኛው ራሱ ሕጉ ነው፤ ሰነድ ባይሆንም ያስረዳል። በጁን 22 ቀን 1944 የጸደቀው የዘማቾች ሕግ (ጂአይ ቢል) ቢያንስ 90 ቀን ላገለገለ ሰው በዓመት እስከ 500 ዶላር የትምህርት ክፍያ ሸፍኗል፤ ለኑሮ ደግሞ ላላገባ በወር 50፣ ቤተሰብ ላለው 75 ዶላር ይከፍል ነበር፣ በኋላም ጨምሯል። የሚማርበት ጊዜ አንድ ዓመት ሲሆን ያገለገለበት ጊዜ ተደምሮበት እስከ 48 ወር ይደርሳል። ስሌቱን ሥሩ፦ 26 ወር ያገለገለ ሰው 38 ወር ያገኛል። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ጨርሰው ለሁለት ዓመት ፋብሪካ የገቡበት፣ ከዚያ ለዶክትሬት የተመለሱበት ምክንያት የዚህ ገንዘብ ማለቅ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አትበሉ፤ ምክንያቱን ከደብዳቤያቸው ወይም ከቤተሰብ አረጋግጡ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ቤተሰቡ «በጦርነቱ ጊዜ በሚስጥር የዩራኒየም ሥራ ላይ ነበሩ» ይል ይሆናል። በባሕር ኃይል ዘንድ እንዲህ ያለ ሥራ በእርግጥ ነበር፦ ፊሊፕ አቤልሰን የመሩት፣ ዩራኒየምን በሙቀት ልዩነት የመለየት ሥራ በፊላዴልፊያ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ይካሄድ ነበር። 48 ጫማ፣ ማለትም 14.6 ሜትር ቁመት ባላቸው ቱቦዎች ነበር የሚሠራው፤ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1944 በደረሰ ፍንዳታ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ቃሉን አትናቁት፤ ፋይሉ ላይ በ1944 ፊላዴልፊያ ወይም ኦክ ሪጅ (ሌላው የዩራኒየም ሥራ ቦታ) የሚል ምደባ መኖሩን ግን እዩ። ምደባው ሁሉ ፓስፊክ ላይ ከሆነ ወሬው ከሌላ ሰው ታሪክ ጋር ተቀላቅሏል።

የፕሮፌሰርነቱ ሰነድ

የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ ካታሎግ የመምህራንን ስም ከነደረጃቸው ያወጣል። ከመጀመሪያው እስከ ጡረታው ዓመት ያሉትን አንድ በአንድ ግለጡ፤ ረዳት፣ ተባባሪና ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑበት ዓመት ይወጣል። ካታሎግ ከመታተሙ በፊት ስለሚዘጋጅ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የቦርዱ ቃለ ጉባኤ ከካታሎግ ይበልጣል፤ ሹመት፣ የሥራ ፈቃድና ጡረታ በትክክለኛ ቀን ይመዘገብበታል። ብዙ ሴኔቶች ለሞተ ባልደረባ የመታሰቢያ ውሳኔ ያጸድቃሉ፤ የዩኒቨርሲቲውን መዝገብ ቤት በዚህ ስም ጠይቁ።

ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ካላቸው ያመለከቱበትንና የተሰጠበትን ቀን ለዩ፤ በመካከሉ ዓመታት ያልፋሉ። «የተላለፈለት» ከሚለው ቦታ የኩባንያ ስም ካገኛችሁ ፕሮፌሰሩ የዚያ ኩባንያ ሠራተኛ ወይም አማካሪ ነበሩ ማለት ሊሆን ይችላል። ከ1976 በፊት የነበሩት በመንግሥቱ መፈለጊያ በጽሑፍ አይገኙም፤ በጎግል ፓተንት ግን ስሙን በተለያየ አጻጻፍ መሞከር ይቻላል።

የአማከሯቸውን የዶክትሬት ተማሪዎች ዝርዝር በዶክትሬት ጽሑፎች ዳታቤዝ በአማካሪ ስም ፈልጉ። የኢትዮጵያውያን ስም ካለ ብዙ ጊዜ በአባት ስም ተመዝግቦ፣ በሦስት አራት ዓይነት የፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ነው የሚገኘው። ተማሪዎቹ ከማንም የተሻለ ምስክር ናቸው፤ ፕሮፌሰሩ የፈተና ወረቀት እንዴት ያርሙ እንደነበር የሚያስታውሱት እነሱ ናቸውና።

ሥራቸውን ማስረዳት

አብዛኛው የሕይወት ታሪክ እዚህ ጋ ይወድቃል። «በሙቀትና በቁስ ዝውውር ዘርፍ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክተዋል» ማለት ለአንባቢ ምንም አይሰጥም። ከምርምራቸው አንዷን ብቻ ምረጡና እናታችሁ እንዲገባት አድርጋችሁ ጻፉ።

የዘመኑን መልክም እወቁ። የጦርነቱ ትውልድ ትምህርቱን የጀመረው ኬሚካል ምህንድስና በ«አሃድ ሥራዎች» (ማንጠር፣ ማድረቅ፣ ማጣራት፣ መፍጨት) ተከፋፍሎ በሚሰጥበት ጊዜ ነው፤ ስያሜውን በ1915 ያስተዋወቀው አርተር ሊትል ነው። በ1960 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን በርድ፣ ስቱዋርትና ላይትፉት የዝውውር ክስተቶችን (ሙቀት፣ ቁስና እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚተላለፉ) መማሪያ መጽሐፍ ሲያወጡ ትምህርቱ ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ አዘነበለ። ባለታሪኩ ከዚህ ለውጥ በየትኛው ወገን ቆሙ? የትኞቹን ኮርሶች አስተማሩ? ካታሎጉ ላይ የኮርሶቹን ስም ከ1955 እና ከ1965 ብታነጻጽሩ ይታያችኋል።

ስለ ማንጠር የሠሩ ከሆነ ለአማርኛ አንባቢ ከአረቄ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከድፍድፉ የሚወጣው ተራ አረቄ ነው፤ እሱን መልሶ ማውጣት ዳግም አረቄ ይሰጣል። አሁን በቁጥር እንየው። ከ100 ሞለኪውል 10ሩ አልኮል የሆነ ውኃ ሲፈላ፣ በባሕር ወለል ግፊት፣ ከላዩ በሚነሣው እንፋሎት ውስጥ ከ100ው 44 ያህሉ አልኮል ነው። ይህን እንፋሎት አቀዝቅዛችሁ እንደገና ብታፈሉት አዲሱ እንፋሎት 63 ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዙር 34 ጨመረ፣ ሁለተኛው 19 ብቻ። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር እያንዳንዱ ዙር የሚጨምረው እያነሰ ይሄዳል፤ በክብደት 95.6 በመቶ ገደማ ላይ ደግሞ ፈሳሹና እንፋሎቱ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ ማፍላት ብቻውን ከዚያ አያሳልፍም። በፋብሪካ ውስጥ ያለው ረጅም ማማ እነዚህን ዙሮች በአንድ ላይ የደረደረ ነው። ማኬብና ቲሌ የተባሉ መሐንዲሶች በ1925 ያቀረቡት ዘዴ ማማው ስንት ደረጃ እንደሚያስፈልገው በግራፍ ላይ መሰላል እየሠሩ መቁጠር ነው። ባለታሪኩ ለሠላሳ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣሉት መሰላል ይህ ከሆነ፣ አንባቢው አሁን ያየዋል።

መርከቡንና ሙያውን ለማገናኘት የሚፈተን ጸሐፊ ብዙ ነው። ግንኙነቱ ሊኖር ይችላል፦ የእንፋሎት መርከብ ለቦይለሩና ለመጠጥ የሚሆን ውኃውን ከባሕር ውኃ እያነጠረ ነው የሚያገኘው፤ ቱቦዎቹ ላይ ድንጋይ እንዳይጋገር ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ባነሰ ሙቀት ያፈላዋል። ይህን ማሽን የጠበቀ ወጣት በኋላ ስለ ማንጠር ቢያስተምር ደስ ይላል። ሆኖም ባለታሪኩ ሬዲዮ ጠጋኝ ከነበሩ ማሽኑን አይተውት ላያውቁ ይችላሉ። ራሳቸው ካልተናገሩት ወይም ሥራቸው በሰነድ ካልታወቀ አታገናኙት።

በሕይወት ካሉ ወይም የቅርብ ሰው ካለ

ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አትቀመጡ፤ ዕድሜ የገፋ ሰው ይደክማል፣ ስለ ደከመም «አዎ» ማለት ያበዛል። ሰንጠረዡን ይዛችሁ ሂዱ እንጂ አታሳዩዋቸው፤ ካዩት የእናንተን ቀን መልሰው ይነግሯችኋል። «ጦርነቱ እንዴት ነበር?» አትበሉ። «አልጋዎ ከመርከቡ የትኛው ክፍል ነበር? ዘብ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት ምን ነበር?» በሉ። ስላይድ ሩላቸው (ከካልኩሌተር በፊት መሐንዲሶች ያሰሉበት የነበረው ተንሸራታች ማስመሪያ) ካለ እጃቸው ላይ አስቀምጡና አንድ ማባዛት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ እጅ የያዘውን ነገር አፍ ተከትሎ ይናገራል። ስለ ሞቱ ባልደረቦች ማውራት ካልፈለጉ አትጫኑ። ድምፁን በሁለት መሣሪያ ቅዱ።

ሲጻፍ

ለቀብር የሚነበበው ከ600 ቃል አይብለጥ፤ በርጋታ ሲነበብ ስድስት ሰባት ደቂቃ ነው፣ ለቆመ ሰው ከዚያ በላይ ይረዝማል። ለመታሰቢያ መጽሔት 2,000 ቃል ይበቃል። ልደትና ወላጆችን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሱ፤ ሽልማቶችን በተርታ አትዘርዝሩ፣ ከሁለቱ በቀር ያሉትን ወደ መጨረሻ ገጽ ውሰዷቸው። ሰፊውን ቦታ ለመርከቡ አንድ ቀን፣ ለጠፉት ዓመታትና ለመረጣችኋት አንድ ምርምር ስጡ። በአፍ የተነገረውን «እንደሚናገሩት» ወይም «ቤተሰባቸው እንደሚያስታውሰው» ብላችሁ ለዩት።

ከመታተሙ በፊት ሦስት ሰው ያንብበው፦ አንድ የቤተሰብ አባል ለስሞች፣ አንድ የቀድሞ ተማሪ ለሙያው፣ ባሕር ኃይል የሚያውቅ ሰው ለማዕረግና ለመርከብ። የስንብት ወረቀቱን፣ የፎቶግራፎቹን ፊትና ጀርባ፣ የድምፅ ቅጂውንና ሰንጠረዡን በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ አንድ ቅጂ ለልጆቻቸው፣ አንድ ቅጂ ለዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት አስረክቡ። ፎልደሩ ላይ ሙሉ ስማቸውን፣ የመርከቡን ቁጥርና የዲፓርትመንቱን ስም አብራችሁ ጻፉ።